ማፍጠሪያ የሌለው ጾም

ሚዛኑን አልሸጥኩትም። እስካሁን ሦስት ሰው ጠይቆኛል፤ አንዱ እህል ነጋዴ ነው፣ ሁለቱ አሮጌ ብረት የሚሰበስቡ። ለሦስቱም እንቢ ብያለሁ። አሁን ከጓዳው በር ጀርባ ቆሟል፤ መድረኩ ላይ የሽንኩርት ቅርጫት አስቀምጬበታለሁ። ከእንግዲህ ሽንኩርት ብቻ ይመዝን፤ እሱንም ማንም አያነብለትም።

ይህንን የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ስሠራ የሰው መጽሐፍ ሳውስና ስቀበል ኖሬ፣ የራሴን አንድ ገጽ መሙላት እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ደግሞ እጄ ዘገምተኛ ሆኗል። አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፍና ተነሥቼ ግቢውን ዞሬ እመለሳለሁ። ቢሆንም እጽፈዋለሁ። "የቤትሽን ገመና አደባባይ አታውጪ" ያሉኝ ሰዎች አሉ። ገመናው የእኔ ቤት ብቻ ቢሆን ኖሮ እሰማቸው ነበር።

ባለቤቴ እህል ነጋዴ ነበር። ከውጫሌ ገበያ ማሽላና ጤፍ እየገዛ እዚህ ሐይቅ ከተማ፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ባለችው መደብር ይሸጥ ነበር። ሚዛኑ ከመደብሩ በር ላይ ይቆማል፤ ከታች ጆንያ የሚያሳርፉበት ሰፊ የብረት መድረክ፣ ከላይ ቁጥር የተቀረጸበት ዘንግና ዘንጉ ላይ ወዲያና ወዲህ የምትንሸራተት ትንሽ ብረት አለው።

ልጃችን አንድ ናት። በየዓመቱ የፋሲካ ማግስት፣ ሁላችንም ጠግበን ስንቀመጥ፣ አባቷ ያቅፋትና ሚዛኑ ላይ ያቆማታል።

"ዝም ብለሽ ቁሚ፤ ስትስቂ ይወዛወዝብኛል" ይላታል። እሷ ደግሞ መሳቅ የምትጀምረው ይህንን ስትሰማ ነው። እሱ ብረቷን እየገፋ በጫማው ጫፍ የመድረኩን ጠርዝ ቀስ ብሎ ይጫናል። "ውይ! ውይ! ይቺ ልጅ ምን በልታ ነው? ዘንጉ ሊያልቅብኝ ነው እኮ!"

"አባዬ፣ እግርህን አንሣ!"

"የምን እግር? እኔ እግር የለኝም።"

ከዚያ እግሩን ያነሣና እውነተኛውን ቁጥር ከበሩ ጀርባ በከሰል ይጽፈዋል። ከዓመት ዓመት ሲጨምር እንደ ሰርግ ደስ ይለው ነበር። ልጄ ስለ ሚዛን መጀመሪያ ያወቀችው ይህንን ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል አባት የሚስቅበት ዕቃ መሆኑን።

ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ የትምህርት ቤት ሩጫ አሸነፈች። ወዲያው ከሐይቁ ዳር ባለው ሜዳ ልምምድ የሚሠሩት ልጆች ቡድን ውስጥ ገባች። አባቷ ጫማ ገዛላት፤ ጠዋት ጠዋት ስትወጣ በር ላይ ቆሞ ይሸኛታል። መንገዱ ወደ ውጫሌ ሽቅብ የሚሄደው ነው፤ የአምባሰልን ተራራ ፊት ለፊት እያዩ የሚሮጡበት። እሱ ለእህል ግዢ ሲሄድ ከመኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ "በርቺ!" እያለ ያልፋታል፤ ሾፌሩ እስኪሰለቸው ድረስ።

አሠልጣኙ ሚዛን እንደሚያስፈልገው የተናገረው ባለቤቴ ለመደብሩ አዲስ ሚዛን በገዛ ሰሞን ነው። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ አልተጠየቀም። አሮጌውን ራሱ ባጃጅ ላይ ጭኖ ወሰደላቸው። ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር።

"የልጄ ጓደኞችም ይመዘኑበት፤ ሲያድጉ ይዩ" አለኝ።

ሲያድጉ ይዩ። ይህንን ቃሉን እስከዛሬ እሰማዋለሁ።

በሰኔ ሞተ። ውጫሌ ገበያ ላይ ጆንያ እያስጫነ ሳለ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ግፊት ነው አሉ። ግፊት እንዳለበት እኔም እሱም አናውቅም ነበር። ጠዋት ቁርሱን በልቶ የወጣ ሰው ከሰዓት በኋላ በእህል መኪና ተጭኖ መጣልኝ።

ከቀብሩ በኋላ እህል አልወርድ አለኝ። ለቀስተኛ "እባክሽ ቅመሺ" ሲለኝ እቀምስና አስቀምጣለሁ። ይህ ማንንም አላስደነቀም፤ ባሏ የሞተባት ሴት ስትበላ ብትታይ ነበር የሚያስደንቀው። ጥቁሬን ለበስኩ፤ ፀጉሬን ተቆረጥኩ፤ ቀበቶዬን በየወሩ አንድ ቀዳዳ ወደ ውስጥ አጠብቃለሁ። ልጄ ከጎኔ ተቀምጣ ይህንን ሁሉ ታያለች።

በነሐሴ ፍልሰታን ጾመች። ፍልሰታን የማይጾም የለም። ጾሙ ሲፈታ ግን እሷ አልፈታችም።

"ለአባዬ ነፍስ ስለት ገብቻለሁ" አለችኝ። "እስከ ሙት ዓመቱ የፍስክ አልበላም።"

አለቀስኩ። በደስታ ነው ያለቀስኩት። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለች ልጅ የት ትገኛለች ብዬ ግንባሯን ሳምኩት።

በመስከረም ለግሸን በዓል ይዣት ሄድኩ። ከአውቶቡሱ ወርደን ተራራውን በእግር ስንወጣ ሽማግሌዎቹ በየድንጋዩ ላይ እያረፉ ነው። እሷ እህል ሳትቀምስ እስከ ላይ ወጣች፤ ደግሞ ወርዳ የአንዲት አሮጊት ጓዝ ተሸክማ እንደገና ወጣች። ሰዎቹ ከንፈራቸውን እየመጠጡ መረቋት። "እናቷ አንቺ ነሽ? የታደልሽ!" አሉኝ። እኔም የታደልኩ መሰለኝ። ጉንጮቿ ገብተው ዓይኖቿ ተልቀው ነበር፤ በሥዕል ላይ እንደማያቸው ቅዱሳን ሆና ታየችኝ።  ልጄ በረሃብ እያለቀች ሳለ እኔ ምርቃት ስቀበልላት ነበር።

ከዚያ የነቢያት ጾም ገባ፤ ከዚያ ሁዳዴ። ጾማችን ብዙ ነው። በዚህ አገር ምግብ መተው የፈለገች ልጅ ምክንያት አታጣም፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይመጣላታል፤ ሁሉም ደግሞ ያስመሰግናታል።

ያን ዓመት ሁዳዴና ረመዳን አንድ ሰሞን ገቡ። ከተማው በሙሉ የራበው ነበር። ከጎናችን ሱቅ ያላት ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፤ ሃያ ዓመት አጥር ተጋርተን ኖረናል። አንድ ከሰዓት አጥሩ ላይ ተደግፋ ጠራችኝ።

"አንቺ፣ ፍየሌ ወፈረች።"

"እንኳን ደስ ያለሽ።"

"ልትወልድ መስሎኝ ነበር። ለካ በየቀኑ ዳቦ እየበላች ነው። ለልጅሽ ምሳ ብለሽ የምትቋጥሪላትን ዳቦ። ትምህርት ቤት ስትሄድ በአጥሩ ቀዳዳ ትወረውርላታለች፤ በዓይኔ አይቻለሁ።"

"ሐዘን ላይ ነን" አልኳት፤ ድምፄ ሳይከር አልቀረም። "ደግሞም እየጾመች ነው። አንቺም እየጾምሽ አይደል?"

"እጾማለሁ። መግሪብ ሲደርስ ግን ተምሬን ይዤ ነው አዛኑን የምጠብቀው። አንቺም ሲመሽ ሽሮሽን ትቀምሻለሽ። የዚህች ልጅ ጾም ማፍጠሪያ የለውም። ወላሂ የለውም። አሁን ተቆጪኝ፤ ነገ ግን እያት።"

ተቆጣኋት። ነገሩ ግን ልቤ ውስጥ ገብቶ አላስተኛኝም። በማግስቱ ቅዳሜ ከልምምድ ስትመለስ "ነይ ፀጉርሽን ልጠብልሽ" አልኳት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ፀጉሯን የማጥብላት እኔ ነኝ፤ ካባቷ ሞት ወዲህ ግን "ራሴ እታጠባለሁ" እያለች ከልክላኝ ነበር። ያን ዕለት ደክሟት ነው መሰለኝ እሺ አለች። ፀሐይ ላይ አስቀምጬ ውኃ ሳፈስባት ትንቀጠቀጣለች፤ ውኃው ሞቅ ያለ ነው። የጀርባዋ አጥንት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ክንዷ ላይ ከዚህ በፊት ያልነበረ ስስ ፀጉር በቅሏል። ሳሙናውን አሽቼ እጄን ባወጣው የራሷ ፀጉር ጭብጥ ሙሉ መጣ። ደብቄ በቀሚሴ ኪስ ከተትኩት።

ሰኞ ደሴ ወሰድኳት።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ቀስ ብላ የምትናገር። ልጄን ብዙ ጠየቀቻት፤ መልስ አታገኝም። በመጨረሻ "የወር አበባሽ መቼ ነው የመጣው?" አለቻት። ልጄ ወለሉን አየች። እኔም አላውቅም ነበር። አንድ ቤት የምንኖር እናትና ልጅ፣ ስምንት ወር ሙሉ አላውቅም።

"ሯጭ ነሽ አይደል?" አለች ሐኪሟ። "ማን ነው ቀንሺ ያለሽ?"

"ማንም።"

"ራስሽ ነሽ?"

ይህን ጊዜ ተናገረች፦ "ቅዳሜ ቅዳሜ እንመዘናለን። አሠልጣኙ ጮክ ብሎ ያነበዋል። ከሁሉም የበለጠችው የዚያን ሳምንት የውኃውን ጀሪካን ትሸከማለች። ኩንታል ይሏታል። 'ኩንታል መጣች፣ ኩንታል ሄደች' ይባላል።"

"አንቺን ብለውሻል?"

"አንድ ሳምንት ብቻ። አባዬ ሊሞት ሲል።" ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ እኔን እንዳጽናናች ሁሉ "ከዚያ በኋላ አላሉኝም" አለች።

"በምንድን ነው የምትመዘኑት?" አልኩ። ለምን ያንን እንደጠየቅኩ አላውቅም። መልሱን ከመስማቴ በፊት ግን አውቄው ነበር።

"በአባዬ ሚዛን።"

ሐኪሟ ሩጫ እንድታቆም፣ በቀን በቀን እንድትበላ፣ እንቁላልና ወተት እንዳይቀርባት፣ በየሁለት ሳምንቱም እየመጣች ከአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋር እንድትነጋገር አዘዘች። እኔን ለብቻዬ ጠርታ ደግሞ የልቧ አመታት እንዳላማራት ነገረችኝ። ክብደቷንም ነገረችኝ። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም። ቁጥር የሚወድ ሌላ ቦታ ይፈልግ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ልጄ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር። ከፋሲካ በኋላ አንድ ክለብ ሯጮች ለመምረጥ ሊመጣ ነው፤ አሠልጣኙ የአንደኛነቱን ተስፋ የጣለው በእሷ ላይ ነበር።

"ከመረጣው ካስቀረሽኝ" አለች፣ "እናቴ ነሽ አልልሽም።"

"አትበዪ" አልኳት። "ኑሪ እንጂ አትበዪኝ።"

የንስሐ አባታችን እስጢፋኖስ ገዳም ናቸው። እዚያ ሴት አትገባም። በእግሬ ሄጄ ከበሩ ወዲህ ካለው ዛፍ ሥር ቆሜ መልእክት ላክሁባቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ወጡ።

"አባ፣ ልጄ ታማለች። ሐኪሟ የፍስክ ትብላ ብላለች።"

"ለታመመ ጾም የለበትም። አብያት። ለዚህ ይህንን ሁሉ መንገድ ምን አስመጣሽ?"

"ስለት አለባት። እስከ አባቷ ሙት ዓመት።"

"ማን ፈቅዶላት?" አሉ፤ ቅንድባቸው ተነሣ። "አባቷ ቢኖር ይህንን ስለት ይቀበላት ነበር?"

"እንኳን ሊቀበላት! እግሩን ጨምሮ ነበር የሚመዝናት።"

ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባቸውም፤ ግን ሣቁ። "እንግዲያው እኔ ፈትቻታለሁ፤ ንገሪያት" አሉ። መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሊመለሱ ሲሉ ዞር አሉ። "አንቺ ግን ጤነኛ ነሽ። ጾምሽን ጠብቂ።"

እሺ አልኳቸው። ያን ጊዜ እውነቴን ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ነጠላዬን አደግድጌ ወደ ሜዳው ወረድኩ። ልጄ ቤት ተኝታለች፤ የት እንደምሄድ አልነገርኳትም። ሲመዘኑ ደረስኩ። ሚዛኑን ከሩቅ ነው ያወቅኩት፤ ባለቤቴ አረንጓዴ የቀባው እግሩ ይታየኛል። ሴቶቹ ልጆች በባዶ እግራቸው በብርድ ተሰልፈዋል፤ አንድ በአንድ ይወጣሉ። አሠልጣኙ ፊሽካው አንገቱ ላይ ነው፤ ብረቷን ይገፋና ቁጥሩን ይጮኸዋል። አንዲቷ ስትወርድ ከኋላ "ኩንታል!" አሉ፤ ሳቅ ሆነ። ልጅቷም አብራ ሳቀች። ከዚያ ጀሪካኑን አነሣች። ይህች ኩንታል የተባለችው ልጅ በእኔ ነጠላ ሁለት ጊዜ ትጠቀለላለች።

"እትዬ! እንኳን ደህና መጡ" አለ አሠልጣኙ ሲያየኝ። "ልጃችን ምነው ቀረች?"

"ሚዛኑን ልወስድ ነው የመጣሁት።"

"ሚዛኑን? የጋሼ ስጦታ እኮ ነው።"

"ስጦታ አይደለም፣ ውሰት ነው። አዋሹ ሞቷል፤ ወራሿ መጥታለች።"

 እሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀረበኝ። "እትዬ፣ ስለ ልጅቷ ከሆነ እንነጋገር። ከእነዚህ ሁሉ ተስፋ ያላት እሷ ናት። ቀላል ናት፣ ትበራለች። ለመረጣው ትንሽ ብቻ ብትቀንስ..."

"ከየቱ?"

"እንዴት?"

"ከየቱ ትቀንስ? ከልቧ ነው ከጉበቷ? ሥጋዋንማ ጨርሳዋለች።"

"ስፖርት እንዲህ ነው፣ እትዬ። እኔም በዚሁ ነው ያለፍኩት። ስሮጥ ለእኔ ማንም አልራራልኝም።"

"ታዲያ የት ደረስክ?" አልኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ። ይህንን ማለት አልነበረብኝም፤ ሰውየው ጉልበቱ ተሰብሮ ሩጫ ያቆመ ነው፤ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ግን ተናግሬዋለሁ፣ አልመለስኩትም። ይልቅ ጫማዬን አወለቅኩና ሚዛኑ ላይ ወጣሁ።

"አንብብ" አልኩት። "ጮክ ብለህ፤ ለእነሱ እንደምታነበው። ባሏን ቀብራ የቆመች ኩንታል እንዴት እንደምትከብድ ይስሙ።"

አንዷ ልጅ ሳቀች፤ ጀሪካን የተሸከመችው ናት። አሠልጣኙ አልነካውም። ራሴ እጄን ሰድጄ ብረቷን ያዝኩ። የእህል ነጋዴ ሚስት ነኝ፤ ይህንን ዘንግ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ለቀልድ ሲመዝነኝ ከምታርፍበት ቦታ ላይ አደረግኳት። ዘንጉ ንቅንቅ አላለም። ትንሽ ወደ ኋላ መለስኳት። አልተነሣም። አሁንም መለስኳት። አሁንም። ዘንጉ ሚዛኑን ጠብቆ ሲንሳፈፍ ብረቷ የቆመችበትን አየሁ፤ አሠልጣኙም አየ።

"እትዬ" አለ በቀስታ፤ በዚህ ጊዜ እንደ አሠልጣኝ ሳይሆን እንደ ሰው ልጅ ነበር ድምፁ። "እርስዎም አልቀዋል እኮ።"

እሱን ላሳፍር የወጣሁበት ላይ እኔ አፍሬ ወረድኩ። ጫማዬን ሳጠልቅ እግሬ አልገባ እያለ አስቸገረኝ። ቢሆንም ሚዛኑን ጥዬ አልሄድኩም። ባጃጅ አስጠራሁ፤ አሠልጣኙ ራሱ አንዱን ጫፍ ይዞ አስጫነኝ።

"እትዬ፣ ይኼም ተሳፋሪ ነው?" አለ ሾፌሩ።

"አዎ፣ ወደ ቤቱ ነው የሚሄደው" አልኩት።

ቤት ስደርስ ጎረቤቴ እንቁላል ይዛ ጠበቀችኝ። በሁዳዴ እንቁላል ከክርስቲያን ቤት አይገኝም፤ ከእሷ ዶሮዎች ነው ያመጣችው፤ እሷም እየጾመች። ሁለቱን ቀቅዬ ልጬ ጨው ነስንሼ ለልጄ አቀረብኩላት። አባ ስለቷን እንደፈቱላት ነገርኳት። ሚዛኑንም እንዳመጣሁት ነገርኳት። ሳህኑን እያየች ብዙ ቆየች።

"አንቺስ?" አለች።

"እኔ ምን?"

"አንቺ በልተሽ ታውቂያለሽ? አባዬ ከሞተ ወዲህ ስትበዪ አላየሁም። ቀበቶሽን ስታጠብቂ አይሻለሁ። አንቺን ማንም ኩንታል አላለሽም፤ አንቺን ደሴ የወሰደሽ የለም። አንቺ ስትራቢ ለአባዬ ፍቅር ነው፤ እኔ ስራብ በሽታ ነው?"

ሳህኑን ወደ እሷ ገፋሁት። 

"አንቺ ካልበላሽ አልበላም" አለች። እልኸኛ ናት፤ በእኔ ነው የወጣችው።

እንቁላሉን አየሁት። ከልጅነቴ ጀምሮ ሁዳዴን አጉድዬ አላውቅም፤ ስታመም እንኳ። አባ በአፋቸው "ጾምሽን ጠብቂ" ብለውኛል። የሟች ሚስት ነኝ፤ ዓመቱ ገና አልሞላም፤ ጥቁር ለብሻለሁ። ይህንን ሁሉ አውቄዋለሁ። አንዱን እንቁላል አንሥቼ ከመሃል ገመጥኩት። አስኳሉ ደረቅ ነበር፣ ጉሮሮዬ ላይ ተያዘ። ውኃ ጠጥቼ ሌላውን ግማሽ ጨመርኩበት። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ የምግብ ጣዕም የተሰማኝ ያን ጊዜ ነው፤ ጨው በዝቶበት ነበር።

"ጨው አብዝቼበታለሁ" አልኩ።

ልጄ አፏን ከፍታ ታየኛለች። ከዚያ የራሷን አነሣች። ግማሹን በላች። ግማሹን ተወችው። 

በማግስቱም እንዲሁ አደረግን፤ በሦስተኛውም ቀን። እንቁላሉን ስቀቅል ሁለት ሁለት ነው። ቅርፊቱን ቀብሬው ቢሆን ኖሮ ማንም ባላወቀ፤ እኔ ግን አልቀበርኩትም፤ ከቆሻሻው ላይ ጣልኩት። የሰፈሩ ሴቶች አዩት። ሐዘኗን ሳትጨርስ እንቁላል በላች ተባለ። አበደች ተባለ። የልጇን ዕድል ዘጋች ያሉኝ ደግሞ ነበሩ፤ አንዷ እናት መንገድ ላይ አስቁማ "አንቺ ሀብታም ነሽ፤ የእኛ ልጆች በምን ይውጡ?" አለችኝ። "በሕይወት ይውጡ" ብያት አለፍኩ። ለሌላው ሁሉ መልስ አልሰጠሁም። ሲያዩኝ ቀና ብዬ ሄድኩ።

ለአባ ራሴ ሄጄ ነገርኳቸው። ከዚያው ዛፍ ሥር። ሰምተው ሲጨርሱ ስግደት ሰጡኝ። ስግደቱን አንድም ሳላጎድል ሰገድኩ። በላሁ ብያለሁ፤ ተጸጸትኩ ግን አላልኩም። አባም አልጠየቁኝም።

መረጣው ያለ ልጄ አለፈ። የዚያን ዕለት ጠዋት ጫማዋን አድርጋ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ዋለች። ለብዙ ሳምንት አላናገረችኝም፤ ደሴ ስንሄድ ከሌላ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። አንዳንድ ቀን በልታ ታድራለች፣ አንዳንድ ቀን ሳህኑ እንደወጣ ይመለሳል። ከሜዳው የሚመጣ ወሬ አለ፤ አሠልጣኙ ሌላ ሚዛን አምጥቷል፤ አሁን ግን አንድ በአንድ ክፍል ውስጥ አስገብቶ ይመዝናል፣ ጮክ ብሎ አያነብም፣ ጀሪካኑን ወንዶቹ ይሸከማሉ። ይህ ትንሽ ነው። ጥሩ አይደለም፣ ግን ከትናንቱ ይሻላል። ኩንታል የተባለችው ልጅ አንድ ቀን መጥታ ከልጄ ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጣ ነበር። ምን እንዳወሩ አላውቅም። ሁለቱም ቆሎ ሲበሉ በመስኮት አይቻለሁ።

ወራቱ እንዲህ አለፉ። ፀጉሯ ከግንባሯ በላይ እንደ ሕፃን ፀጉር አጭር አጭር ሆኖ በቀለ። የወር አበባዋ በመስከረም ተመለሰ፤ መጥታ በጆሮዬ ነገረችኝ፤ ልክ እንደ መጀመሪያዋ ጊዜ። ኅዳር ላይ ሐኪሟ በሳምንት ሁለት ቀን እንድትሮጥ ፈቀደችላት። ብቻዋን ነው የምትሮጠው፤ በዚያው በውጫሌ መንገድ። ፈጣን ትሁን አትሁን አልጠይቃትም።

ዘንድሮ በፋሲካ ማግስት ጠግበን ተቀምጠን ሳለ ልጄ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ድምፅ ስታጠፋብኝ ደንግጬ ተከተልኳት። ሚዛኑ ፊት ቆማለች። የሽንኩርቱ ቅርጫት እንዳለ ነው። እሷ ግን ብረቷን በጣቷ ወዲያ ወዲህ እየገፋች ነበር።  ልናገር አፌን ስከፍት፣ እግሯን ቀስ ብላ ዘረጋችና በጣቶቿ ጫፍ የመድረኩን ጠርዝ ተጫነችው። ዘንጉ ወደ ላይ ብድግ አለ።

"ውይ! ውይ!" አለች፣ በእሱ ድምፅ። "ይኼ ሽንኩርት ምን በልቶ ነው?"

ግድግዳውን ተደግፌ ሳቅኩ። እሷም ሳቀች፤ ስትስቅ ደግሞ እንደ ድሮው ሚዛኑ ይወዛወዛል።

ቁጥሩን ማናችንም አላነበብነውም።